ሃያ ስምንት ሴንቲሜትር

እና ሃያ ስምንት ነው፣ አያንስም አይበልጥም፣ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ነዋ ያለችው እማዬ፣ የእሷ ስንዝር ሃያ ነው፣ አራት ጣቷ ስምንት፣ ልጅ ሆኜ ቀሚሴን በስንዝሯ እየለካች ስትሰፋልኝ ስለኖረች አውቀዋለሁ፣ ሃያ ስምንት ሴንቲሜትር፣ አምስት ዓመት የተማርኩት የግብርና ምህንድስና በአንድ ስንዝር ከአራት ጣት ገደል ገባ። ይግባ። ደክሞኛል።

የተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው፣ በተነቃነቅሁ ቁጥር ቋ ይላል፣ ስንት የምህንድስና ተማሪ ተራውን ሲጠብቅ ተቀምጦበታል፣ ካርቶን አጥፎ ከሥሩ የከተተለት ግን የለም፣ እኔም አልከተትኩም። ከበሩ ወዲያ የክፍል ጓደኛዬ ስለ በቆሎ መፈልፈያው ለፈታኞቹ እያብራራ ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ጭኔ ላይ ነው፣ ሰማያዊ ሽፋን፣ ስልሳ አራት ገጽ፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ ቦዩ ተቆፍሮ ውሃው ማሳው ደርሷል ይላል። አልደረሰም። ይኸው ነው ነገሩ፣ አልደረሰም፣ እኔም ይህን ካወቅሁ ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም።

እማዬ የደወለችው ልትመርቀኝ ነበር፣ በርቺ ልጄ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት፣ ወሬ መች ያልቅባታል፣ ውሃው እኮ እጄ ሥር መጣልኝ አለች፣ ልብስ ማጠቢያዬ ድረስ መጥቶ ኩሬ ሠራ፣ ከመቅዳት ተገላገልኩ። ምን ኩሬ አልኳት፣ ለምን እዚያ ይቆማል፣ ወደ ማሳው አይደል የሚያልፈው። ውይ ምላሴን በቆረጠው፣ አባትሽ እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነበር። አባዬ ታዲያ ምን እየሠራ ነው? ምን ይሠራል፣ ከኩሬው በባልዲ እየቀዳ ቲማቲሙን ያጠጣል፣ ጠዋትና ማታ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ፈተናሽን ተፈተኚ።

ሦስት ሳምንት ነው የቆፈረው። መቶ አርባ ሜትር፣ በዶማና በአካፋ፣ በዚያ በሚያመው ትከሻው፣ እኔ በተከልኩለት ችካል፣ በየአሥር ሜትሩ አንድ ችካል፣ የእያንዳንዱ ጥልቀት ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎለት። ሲጨርስ ደውሎ ውሃው ደርሷል ልጄ አለኝ፣ የት ደረሰ ብዬ አልጠየቅሁም፣ ደስ አለኝ፣ ጻፍኩት።

ድንጋዩ ነው ጉዱ። ጋሼ ቅባት አስጠንቅቆኝ ነበር፣ የወርክሾፑ ቴክኒሻን፣ ቱታው ግሪስ ጠጥቶ ጠጥቶ ቀለሙ ስለጠፋ ነው እንዲህ የምንለው፣ ሌቭሉን፣ የከፍታ መለኪያ መነጽሩን፣ ከነመቆሚያው በራሱ ፊርማ ለሁለት ቀን ሲያውሰኝ፣ ስሚ አለኝ፣ ከፍታ ስትለኪ መነሻ ነጥብሽ ሰው የማይነካው ነገር ይሁን፣ እሱ ከተነቃነቀ የቀረው ቁጥር በሙሉ ተረት ነው። እሺ ጋሼ። እና የመረጥኩት የእማዬን የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ፣ በምንጩና በማሳው መሃል፣ አጥራችን ሥር የተጋደመ፣ እኔ ሳልወለድ የነበረ፣ ከእሱ የበለጠ የማይነቃነቅ ምን አለ ብዬ። የመጀመሪያውን ቀን ከምንጩ እስከ ድንጋዩ ለካን፣ አባዬ ባለቁጥሩን በትር ይዞ እየቆመ፣ እኔ በሌቭሉ እያየሁ፣ የቀረውን ግማሽ፣ ከድንጋዩ እስከ ማሳው፣ ለነገ አልን።

ቋ። ይሄ ወንበር።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ እማዬ ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብላ ጭቃ የበላውን ሱሪዬን ስታሽ፣ ቀና ስትል ወገቧን ስትይዝ አየኋት፣ እና እኔ፣ ሌላ ሰው አይደለም እኔው፣ አዋቂዋ፣ ስለ ሥራ መሣሪያና ስለ ሰው አካል አንድ ሴሚስተር ተምሬ ኤ ያመጣሁት፣ እማዬ የሥራ ከፍታ እንዲህ ዝቅ ማለት የለበትም አልኳት፣ ይሄን ድንጋይ ከፍ አድርጊው። እሺ ልጄ። እኔ ረሳሁት። እሷ አልረሳችም፣ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቷን ጠርታ በዲጂኖ ፈንቅለው ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከተቱበት፣ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ከፍ አለ፣ ይህንንም የነገረችኝ ዛሬ ነው፣ እየሳቀች፣ አንቺ ባልሽው መሠረት እኮ ነው፣ ወገቤም ተሻለው። ተመስገን፣ ከተማርኩት ሁሉ ለሰው የጠቀመው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ጠዋት ጭጋግ ነበር፣ አውቶቡሱ አምስት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ አባዬ በትሩን ድንጋዩ ላይ አቆመው፣ የሆነ ነገር አለኝ፣ ምን እንዳለ ትዝ አይለኝም፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ቁጥር እያነበብኩ ነበር፣ ድንጋዩ ትናንት በለካሁት ከፍታ ላይ ያለ መስሎኝ ስለነበር ከድንጋዩ በኋላ ያለው መሬት ሁሉ ከእውነተኛው በሃያ ስምንት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ተመዘገበ፣ ቦዩም ከዚያ ወዲያ በዚያው ልክ ሳይጠልቅ ቀረ። ውሃ ደግሞ ደረጃ አይወጣም።

ይሄ ስህተት ነው፣ ስህተት ይቅር ይባላል። ይቅር የማይባለው ገጽ ሠላሳ ሦስት ነው። ለክተሽ ስትጨርሺ እየለካሽ ወደ ተነሳሽበት ትመለሻለሽ፣ የሄድሽበትና የመጣሽበት ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተሳስተሻል ማለት ነው፣ የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነው፣ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ እኔ ግን አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ፣ ሌቭሉን በቀኑ ካልመለስኩ ጋሼ ቅባት ሊጠየቅ፣ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ መጥቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የመመለሻውን ቁጥር ከጭንቅላቴ ጻፍኩት፣ ልዩነቱን አራት ሚሊሜትር አደረግሁት፣ ዜሮ ከሆነ ያስጠረጥራል ብዬ፣ አየሽ ብልጠት፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፣ እኔ አፍስሼ መልቀሙን ለአባቴ ተውኩት።

ብናገር ዓመቱን እደግማለሁ። የፈጠራ ቁጥር ያስገባ ተማሪ ይደግማል፣ ሕጉ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ዝም ብል ማን ያውቃል፣ ማን ቦዩን ሊያይ ይመጣል፣ ዲግሪዬን ይዤ እሄድና አባዬ እዚህ ጋ ትንሽ ጠለቅ እናድርገው እላለሁ፣ በቃ፣ ማንም አልተጎዳ። ከባልዲው በቀር። ሌላ አንድ ዓመት፣ እንደገና ያ መኝታ ክፍል፣ እንደገና ምድጃ ውስጥ አፈር እያደረቁ መመዘን፣ ብየዳው ያቃጠለው የእጄ አንጓ ገና ጠባሳው አልጠፋም፣ ደግሞ የሰፈር ሰው ወሬ፣ ለእርሻ ብሎ ዩኒቨርሲቲ፣ አባትሽ በነጻ አያስተምርሽም ነበር? አልቻልኩም፣ እውነቴን ነው፣ ሌላ ዓመት የሚሸከም ጉልበት የለኝም።

ስልኩን አውጥቼ ለአባዬ እደውልለታለሁ። አቤት ልጄ፣ ጨረስሽ እንዴ? አልገባሁም፣ አባዬ፣ ውሃው የት ነው? ባልዲ መሬት ሲነካ ይሰማኛል፣ የብረት እጀታው ኳ ሲል። እናትሽ ነገረችሽ። ነገረችኝ። አይ እሷ፣ አፏ መች ያርፋል። አባዬ አንተ መቼ አወቅህ? ስቆፍር ነዋ፣ ያን መሬት አርባ ዓመት አውቀዋለሁ፣ ዝናብ ሲጥል ውሃው በየት እንደሚሄድ በየት እንደሚተኛ፣ ከማጠቢያው ወዲያ ጥልቀቱ እንደሚያንስ ገብቶኛል። ታዲያ ለምን እንደዚያው ቆፈርከው፣ ሰባ ሜትር፣ እያወቅህ? አንቺ በቀይ ጽፈሽዋላ፣ ይላል፣ ቀለል አድርጎ፣ የተማረ ሰው የጻፈውን እኔ ምን ብዬ ነው የምለውጠው፣ ምናልባት እኔ የማላውቀው ነገር ይኖራል ብዬ፣ ግቢ አሁን፣ እኛ ደህና ነን፣ ባልዲ አልገደለንም፣ ጉልበቱ እንደሆን አለኝ።

ጉልበት የለውም። በደረጃ እንኳ ሲወጣ መሃል ላይ ይቆማል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ስንት ቀን፣ ስንት ባልዲ።

በሩ ይከፈታል፣ ባለ በቆሎ መፈልፈያው ላብ አጥምቆት ይወጣል፣ በርቺ ይለኛል፣ ከውስጥ ግቢ ይሉኛል፣ ወንበሩ ለመጨረሻ ጊዜ ቋ ይላል። ሦስት ፈታኞች፣ መሃል ላይ ሚሊሜትር፣ የቅየሳው መምህራችን፣ ለአንዲት ሚሊሜትር ነጥብ የሚቀንስ ስለሆነ በስሙ ማንም አይጠራውም፣ ጽሑፌን እየገለጠ ነው፣ ደህና ሥራ ነው ይላል፣ ደህና ሥራ፣ ጀምሪ። ይሄኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ መቀጠል ነው፣ መግቢያውን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ የዚህ ጥናት ዓላማ፣ የዚህ ጥናት፣

ገጽ ሠላሳ ሦስት ውሸት ነው እላለሁ። ድምፄ የእኔ አይመስልም። እየለካሁ አልተመለስኩም፣ ቁጥሩን ፈጥሬ ነው የጻፍኩት፣ ገጽ አርባ አንድም ልክ አይደለም፣ ውሃው ማሳው አልደረሰም፣ የእናቴ ልብስ ማጠቢያ ጋ ቆሟል፣ መነሻ ነጥቤ ድንጋይ ነበር፣ ድንጋዩ በሃያ ስምንት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ነበር፣ ከፍ አድርጊው ያልኳትም እኔ ነኝ። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ፈታኞች ይተያያሉ። ሚሊሜትር መነጽሩን አውልቆ ጽሑፉ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ይህ ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ? አውቃለሁ መምህር። እሱም የደከመው ይመስላል፣ ከዚያ እንደ መምህር ሳይሆን ግራ እንደገባው ሰው ይጠይቀኛል፣ ያን ቀን በትሩን ድንጋዩ ላይ የያዘው ማን ነበር? አባቴ። ሃያ ስምንት ሴንቲሜትር እኮ ነው፣ እሱም አላየም?

ጭጋጉ። አውቶቡሱ። በትሩን ሳያቆም በፊት በእግሩ ጫፍ ከሥር የገቡትን ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነካ ነካ ሲያደርግ፣ ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ልጄ ይሄ ድንጋይ እኮ ሲል፣ አሁን ሰማሁት።

አይቷል፣ እላለሁ።

ታዲያ ለምን አልነገረሽም?

ጀምሮ ነበር። ዝም በል፣ ቁጥር አታጥፋብኝ አልኩት።