ለፍሬን የተዋለ ውለታ

ልብስ ሰፊው የማይችለው ሥራ የለም፤ ያልሞከረው ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ትንሿ መኪናው ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪዋን እንደ ወባ በሽተኛ ማንቀጥቀጥ ስትጀምር፣ "የፍሬኑ ዲስክ ነው፤ እኔው እቀይረዋለሁ" ብሎ ፈረደ።

"ወንድሜ መካኒክ ነው እኮ" አለችው ሚስቱ።

"ወንድምሽ ባለፈው 'ጋሼ፣ አንተ መርፌህን ያዝ' ነው ያለኝ። ይያዛ እሱም አፉን።"

ልብስ ሰፊ ቂሙን ድርብ አድርጎ ነው የሚሰፋው። ችግሩ መኪናዋ የእሱ ቂም መወጫ ብቻ አለመሆኗ ነው። ሰኞ ጠዋት ነርሷ ልጁ አዲስ ሥራዋን ልትጀምር የምትሄደው በዚችው መኪና ነው፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ያለው ከረጅሙ ቁልቁለት ግርጌ። ቁልቁለቱ ፍሬን የሌለውን ሰው መክሮ አይመልስም።

እሑድ ረፋድ ልጁ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባች፤ እሱ የመኪናዋን ፊት በክሪክ አንስቶ ጎማውን ፈታ። ዲስኩ እንደ ድሮ የሙዚቃ ሸክላ ተሸርክቷል። ጥፍሩን ቢያሳልፍበት መሐሉ ተበልቶ ዳሩ ጠርዝ አውጥቷል። ይኼ አልበቃውም፤ አንገቱ ላይ እንደ ሜዳሊያ የሚያንጠለጥለውን ሜትር አውርዶ ውፍረቱን ለካ።

"አባዬ፣ ይኼ በልብስ ሜትር አይለካም።"

"ወገባቸውን ትንፋሽ ውጠው ከሚያስለኩኝ ሰዎች ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ። ብረት አያታልለኝም። ከስቷል።"

እውነትም ከስቶ ነበር። ሐቁን ለመናገር እስከዚህ ድረስ ሥራው አያሳፍርም። ዲስኩን ከሁለት ወገን ጨምቀው የሚያቆሙትን የፍሬን ሸራዎች የሚጨብጠውን ከባዱን ብረት ፈትቶ፣ የፍሬን ዘይቱ ቱቦ ላይ እንዳይንጠለጠል ሰም በተቀባ ክር ከሞላው ጋር አሰረው። ቋጠሮው ለሙሽራ ቀሚስ የሚመጥን ነበር። ዝጎ የተጣበቀውን ዲስክ ዙሪያውን በመዶሻ እያንኳኳ አላቀቀው፤ መቀመጫውን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገ፤ አዲሱን ዲስክ መለዋወጫ ሻጩ እንደመከረው ከፋብሪካ ከመጣበት ቅባት አጸዳው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ወሬም ባልሆነ ነበር።

ልጁ ውሃ ልታመጣለት ገባች። እሱ አዲሱን ዲስክ አየና አዘነለት። ቀኑን ሙሉ በሁለት ሸራ መሐል ሊፋተግ ነው፤ ጠብታ እንኳ የሰጠው የለም። የስፌት መኪናው ሠላሳ ዓመት ያለ ኡኡታ የሰፋችለት በምን ሆነና? ከኪሱ ቀጭን አፍንጫ ያላትን የዘይት ዕቃውን አውጥቶ ፊትና ጀርባውን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አድርጎ በጣቱ አዳረሰው። በዚያኛውም ጎማ ዲስኩን ቀይሮ ያንኑ ቸርነት ደገመ። አዳዲሶቹን ሸራዎች አስገባ፣ ቡሎኖቹን አጠበቀ፣ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግሞ ረገጠ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያለ አንድም ነገር አላስቸኮለም። ጠንቃቃ ሰው ነው።

ሙከራው በግቢው ውስጥ ሆነ፤ ግቢው ወደ በሩ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ልጁ አጠገቡ ተቀመጠች። ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ግን እንዳልሰማች ሆና ጉዞዋን ቀጠለች። በሁለት እግሩ ረገጠ። ገመድ ላይ የተሰጣውን አንሶላ ተከናንባ ወደ በሩ ስትገሰግስ ልጁ የእጅ ፍሬኑን ሳበችው፤ መኪናዋ በሩን ሳም አድርጋ ቆመች።



"አባዬ፣ ነገ ይኼ የት ነው የሚያቆመኝ? ጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ?"

መሪውን እንደያዘ ነበር።

"ዘይት ቀብቼዋለሁ" አላት በለሆሳስ። ቀጥሎም፣ "ስልኩን ስጪኝ። እኔው ራሴ ለአጎትሽ ልደውል።"

መካኒኩ ሳቁን በር ላይ ጨርሶ ለመግባት ሞክሮ አልቻለም።

"ጋሼ፣ ዘይት ቀባኸው አሉ። ቅቤ ጠፍቶ ነው?"

"ተናገር፣ ዛሬ ቀንህ ነው። ልጅቷ ግን ነገ ቁልቁለት ትወርዳለች።"

ይኼን ሲሰማ መካኒኩ ሳቁን አቆመና ተንበረከከ። "ዲስኮቹ ይታጠባሉ። ሸራዎቹ ግን ዘይት ጠጥተዋል፤ ይጣላሉ። ሌላ ይዤ መጥቻለሁ። ይኼን ብረት የማንጠለጥልበት ሽቦ አቀብለኝ።"

"ሽቦ ምን ያደርጋል" ብሎ ልብስ ሰፊው በክሩ አሰረለት። መካኒኩ ቋጠሮውን ሳብ ሳብ አደረገው፤ ንቅንቅ አላለም። እንዳለ ትቶት ሥራውን ቀጠለ፤ ከእሱ ዘንድ ይኼ ሽልማት ነው። ጎንበስ ሲል ግን ሱሪው ከኋላ ታየ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሱሪህን በሽቦ ነው የሰፋኸው?"

"ይዟል አይደል?"

"አውልቀው ስትጨርስ።"

ማታ ሳይደርስ መካኒኩ በተዋሰው የልብስ ሰፊው ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ባጠረው፣ መኪናዋን ራሱ ቁልቁለቱ ድረስ ወስዶ ፈተሻት።

ሰኞ ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ፊት ነበር፤ ሳይሰፋ።

"ደርሻለሁ፣ አባዬ።"

"መሪው ተንቀጠቀጠ?"

"አልተንቀጠቀጠም። እኔ ነኝ ትንሽ የተንቀጠቀጥኩት።"

ስልኩን ዘጋና ከአማቹ ሱሪ ላይ ሽቦውን በጉጠት ይነቅል ጀመር። ስምንት ቦታ ነው የጠመዘዘው። "መርፌህን ያዝ ይለኛል" አለ ለራሱ፣ ክሩን በሰም እያሸ።