የሹፌሯ እጆች

«ልጅዎ ልዩ ናት» አለች አስተማሪዋ፣ የክፍሉን በር እንደያዘች።

ልብስ ሰፊዋ እናት የልጇን ቦርሳ ከትከሻዋ አወረደች። «ገባኝ። ከመቼ ጀምሮ ላስቀራት?»

«ማንን?»

«ልጄን ነዋ! ልዩ ናት አልሽኝ አይደል? በጨዋ አፍ ውሰጂልን ማለትሽ ነው።»

የአስተማሪዋ ፊት ቀላ። ሥዕል አይቶ እንደዚህች ልጅ ታሪክ የሚፈጥር በክፍሉ የለም ልትል ነበር። ስለ ልዩነት ውበት ዩኒቨርሲቲ እያለች ብዙ ገጽ ጽፋለች፤ ቃሉ እናት ጆሮ ሲገባ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አልነገራትም። «ኧረ በጭራሽ! ጎበዝ ናት ማለቴ ነው» አለች።

እናትየው ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ነጠፈ። «ለነገሩ ባትይኝም ላስወጣት አስቤያለሁ። ጓንት ስፊልኝ እያለች ታለቅሳለች። በዚህ ሙቀት!»

ልጅቷን ቤትም ክፍልም ሚጢጢ ይሏታል። በእጆቿና በአፏ ዙሪያ ቆዳዋ ነጫጭ ነጠብጣብ አውጥቷል። ሐኪሙ «አያምም፣ አይጋባም» ብሏል፤ ሐኪሙ ግን እዚህ አይውልም። ልጆቹ ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ ሲያያዙ ሚጢጢን የሚይዛት የለም። ክቡ እሷ ጋ ሲደርስ ይበጠሳል።

«እስከ ዓርብ ይታገሡኝ» አለች አስተማሪዋ።

«እሺ፣ እስከ ዓርብ። ከዚያ ወዲያ ግን አትለምኚኝ፣ እህቴ።»

በማግስቱ አስተማሪዋ ከመደርደሪያው አንድ የሥዕል መጽሐፍ መዘዘች። አራዊት ሁሉ በነጠብጣቧ የሳቁባትን ቀጭኔ በመጨረሻ ሁሉም ሲወዷት የሚያሳይ ነው። ልጆቹን ምንጣፉ ላይ ሰብስባ፣ ድምፅዋን እያለዋወጠች አነበበችላቸው። ጨርሳ ቀና ስትል የልጆቹ ዓይን ሁሉ ሚጢጢ ላይ ነበር።

«ቀጭኔ!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ኩል እኳላለሁ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት ይህ ነው። በዕረፍት ሰዓት ሚጢጢ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ መጣች።

«ቲቸር፣ መጽሐፉን ለእኔ ብለሽ ነው ያመጣሽው?»

መዋሸት አልሆነላትም። «አዎ።»

«ሁለተኛ እንዳታመጪው።»

አስተማሪዋ ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ስህተቷ ገባት። አንዲትን ልጅ ከመሃል አውጥታ፣ በሌሎቹ ፊት አቁማ፣ «ውደዷት» ማለቷ ነበር። ፍቅር እንዲህ ታዝዞ ይመጣል? ለዓርብ ስለማንም ያልሆነ መጽሐፍ ፈለገች።

ያገኘችው ቃል የሌለው መጽሐፍ ነው። ሁለት ገጽ የሞላ አንድ አውቶቡስ፣ ተሳፋሪዎቹ በየዓይነታቸው፤ ረጅም፣ ድንክ፣ ባለ ምርኩዝ፣ ባለ መነጽር፣ ጥቁር፣ ቀይ። ዓርብ ዕለት ምንጣፉ ላይ ዘረጋችውና «ሁላችሁም አንድ አንድ ሰው ምረጡና ታሪኩን ንገሩን» አለች፤ ከዚያ ለልጆቹ ተወችላቸው።

«ይሄ አፉን ከፍቶ የተኛው አባቴ ነው!» አለ ጥያቄ የማያልቅበት፣ «ለምን» የሚሉት ልጅ።

«አባትህ መላጣ ነው እንዴ?»

«ገና ነው፣ እየጀመረው ነው!»

ሳቁ ሲበርድ ሚጢጢ ጣቷን ዘረጋች። «እኔ ሹፌሯ ነኝ። እጇ እንደ እኔ ነው።»

ሁሉም ተንጠራሩ። አውቶቡሱ በዛፎች ሥር ሲያልፍ፣ በቅጠሎቹ መሃል የሾለከ ብርሃን መሪውን በያዙት እጆች ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ አርፏል። አስተማሪዋ ገጹን ስትመርጥ ይህን አላየችውም ነበር።

«ውሸታም! እሱ ፀሐይ ነው» አለ ለምን።

«የእኔም ፀሐይ ነው።»

«ታዲያ ጥላ ውስጥ ስትገቢ ለምን አይጠፋም?»

አስተማሪዋ ጣልቃ ልትገባ ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች።

ሚጢጢ እጇን አገላብጣ አየችው። «የእኔዋ ፀሐይ አትጠልቅማ» አለች።

ልጁ አሰበ፤ እንዲህ ሲያስብ አፍንጫውን ይነፋል። «ይሞቃል?»

«ንካውና እየው።»

ነካው። መጀመሪያ በአንድ ጣት፣ ቀጥሎ በመዳፉ ሙሉ። «ይሞቃል!» ብሎ ጮኸ፣ «እናንተ፣ እውነቷን ነው፣ ይሞቃል!» ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው። «አትግፋኝ!» «ተራዬ ነው!» «አንተ ሁለቴ ነካህ!» እየተባባሉ ተግተለተሉ። ሚጢጢ እንደ ትልቅ ሰው ኮራ ብላ፣ «ቀስ! አንድ በአንድ! እጃችሁን ታጥባችኋል ግን?» ትላለች።

እናትየው ልጇን ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አስተማሪዋ አላወቀችም።

«ምን እየሸጠች ነው ይቺ?» አለች እናትየው በቀስታ።

«ምንም። ሹፌር ሆናለች።»

እናትየው የዓይኗን ጥግ በመዳፏ ጠረገች። «ሰኞ አመጣታለሁ፣ እህቴ» አለች።

ሰኞ ጠዋት እናትና ልጅ አርፍደው መጡ። ሚጢጢ ቦርሳዋን ምንጣፉ ላይ ጥላ፣ ከለምን አጠገብ ገፋ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።