የመጨረሻዋ የአልማዝ መርፌ

ባሌ የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ነው፤ ትልቁን ማይክሮስኮፕ የማሠራው ደግሞ እኔ። «አልማዝ ከሚታጠፍ ይሰበራል» የሚላትን ነገር ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይዟታል። ስለ ግትርነትማ እሱ ካልተናገረ ማን ይናገር።

አንዲት ተማሪው ብቻ አልተዋጠላትም። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዷ አቶም አራት ጎረቤቶቿን ጭምድድ አድርጋ ይዛለች፤ ትልቅ ድንጋይ የሚሰበረው የሆነ ቦታ ላይ ይህ አያያዝ ስለሚላላ ነው፤ ከፀጉር ብዙ እጥፍ በቀጠነ መርፌ ውስጥ ግን የላላ ቦታ ከየት ይመጣል ባይ ናት። ለፍታ ለፍታ ሦስት የአልማዝ መርፌዎች ሠራች። ሁለቱ፣ ማይክሮስኮፑ ውስጥ ባለችው ትንሽ መግፊያ ስንገፋቸው፣ ዓይናችን እያየ ጎበጡ፤ መግፊያውን ወደ ኋላ ስንመልሰው ግን ተጣብቀውበት ተሰበሩ። ባሌ አላመነንም። ያያችሁት መጉበጥ ሳይሆን መሰንጠቅ ሲጀምር ነው አለና ማሽኑን ከነገ ጀምሮ ለሌላ ክፍል ሰጠው። ሦስተኛዋ ካልተሳካች የልጅቷ ጥናት አበቃለት ማለት ነው።

ዛሬ ከሰዓት እሱም መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። የመግፊያውን መቆጣጠሪያ በቀስታ አዞርኩት። መርፌዋ ስክሪኑ ላይ ጎበጠች፤ ደግሞ ጎበጠች። የባሌ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

«በቃ፣ ፎቶው ይበቃል» አለ። «የቆጡን አወርድ ብላችሁ የብብታችሁን እንዳትጥሉ።»

«ካልተመለሰች ጎበጠች አይባልም» አለች ልጅቷ። «ነገ እርስዎ ራስዎ ተሰንጥቃ ነበር ይላሉ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ወደ ኋላ አይመልሱት። ይግፉት።»

አብዳለች አልኩ በሆዴ። ወዲያው ግን ገባኝ፤ የመግፊያው ጫፍ ሰያፍ ነው፤ ከገፋንበት መርፌዋ በጎኑ ተንሸራታ ታመልጣለች፣ የሚይዛት የለም። ባሌ «አንቺ ሴትዮ» ሲል ሰማሁት፤ መቆጣጠሪያውን አዞርኩት።

መርፌዋ እንደ መንጠቆ ተቆለመመች፤ ከዚያ ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

«ተሰበረች» አለ ባሌ፤ ከልቡ አዝኖ ነበር። ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። እኔ ከስክሪኑ ውጭ ወጥታ እንደሆነስ ብዬ ምስሉን ወደ ላይ ሳብ አደረግኩት። መርፌዋ ማን ነካኝ ብላ ቀጥ ብላ ቆማለች!

እንዴት እንደጮኽን አልነግራችሁም። ባሌ ብቻ ሳይጮህ ስልኩን አውጥቶ ማሽኑን ሊወስድ ለነበረው ክፍል ደወለ፤ ለጊዜው የትም እንደማይሄድ ነገራቸው። ከዚያ ወንበሬን ሰረቅ አድርጎ እያየ «አንዴ እኔ ልግፋት?» አለ።

ተነሣሁና ወንበሩን ለልጅቷ ለቀቅኩላት።