ጠቆር ያለ ሰማያዊ

በጃፓን የጨረቃ አቆጣጠር፣ በመኸሩ በስምንተኛው ወር በአሥረኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኪዮቶ ውስጥ በሠዓሊው በሶጁን ቤት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሽማግሌው ሶጁን፣ ቀለም የምታዘጋጅላቸው ልጃቸው ኦሺና፣ እንዲሁም ሃያ ዓመት አብሯቸው የሠራው ተማሪያቸው ያሄይ።

ባለ ስድስት እጥፉ የወረቀት መከለያ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። በላዩ የተሣለው ሰንበሌጥ ነፋስ እንደመታው አጎንብሷል፤ ቁጥቋጦው ነጫጭ አበቦቹን ማርገፍ ጀምሯል። ሳይሣል የቀረው ከሰንበሌጡ ሥር የሚበቅለው፣ ደወል የመሰለው ሰማያዊ አበባ ብቻ ነበር። መከለያውን ያዘዘው ቤተ መቅደስ ለአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ሙሉ ጨረቃ ለሚታይበት ምሽት ይፈልገዋል። ካልወደደው ሥራው ለሌላ ቤት ይሰጣል፤ ሶጁንንም ከእንግዲህ ይሣሉ የሚላቸው አይኖርም። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ።

ኦሺና ለቀለም የሚሆነውን የሰማያዊ ድንጋይ ዱቄት በመጥበሻ ከሰል ላይ ትቆላ ነበር። ሲቆላ ይጠቁራል፤ የመኸር አበባ የሚሣለውም በዚህ ጠቆር ባለው ነው። ከመጠን ካለፈ ግን ወደ ሰማያዊነቱ አይመለስም። ጥቂት ቆንጥራ ወረቀት ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለውን ሰማይ ይመስላል፤ ልክ እሳቸው ያስተማሯት ነው።

«ገና ነው» አሉ ሶጁን ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው። «ይሄ ፈዛዛ ለሕፃን ልብስ ይሆናል።»

«አባባ፣ ለእኔ እንኳ የደረሰ መስሎኝ ነበር።»

«የምሥለው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ያሄይ ወደ ከሰሉ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «ንገሪያቸው እንጂ! ትናንት እኮ ድመቷን ያሄይ ብለው ጠሯት።»

«ምን አለች?»

«ከእኔ ቀድማ አቤት አለች።»

ኦሺና ሳቋ መጣባት፤ ወዲያው ግን ጠፋ። «አንተስ ለምን አትነግራቸውም?»

«እኔማ ተማሪያቸው ነኝ። መምህሬ ገና ነው ካሉ ገና ነው።»

በዚያ ቤት የመምህሩን ቀለም ማረም ነውር ነበር። የኦሺናን አፍ ያሰረው ግን ነውሩ አልነበረም። ቀለሙ ደርሷል ማለት፣ አባባ ዓይንዎ ጠፍቷል ማለት ነው። መጥበሻውን መልሳ ጣደችው። ሁለቴ «ገና ነው» አሏት። በሦስተኛው «ይኸው! አያችሁ?» ብለው ጭናቸውን መቱ። ዱቄቱ ከሰል መስሏል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰማያዊ ቀለም አልነበረም።

በሙጫ ለወሰችላቸው፤ ሣሉ። እጃቸው አልሳተም። ሠላሳ አበባ፣ እያንዳንዱ በቦታው፣ ሁሉም ጥቁር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከቤተ መቅደሱ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መጡ። መከለያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተራመዱ አዩት።

«ሰንበሌጡ ነፋሱን ያሰማል» አሉ በመጨረሻ።

«አበቦቹስ?» አሉ ሶጁን ፈገግ ብለው።

«አበቦቹ...» መነኩሴው ወደ ኦሺና ዞሩ። እሷ ወለሉን አየች። «ምን ቀለም ነው ያደረጓቸው፣ መምህር?»

የሶጁን ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ሰማያዊ ነዋ። ኦሺና፣ ሰማያዊ አይደለም?»

«ሰማያዊ ነው፣ አባባ።»

«ያሄይ?»

ያሄይ ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፋ። ሶጁን ጎንበስ ብለው አንዱን አበባ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ደጋግመው ዳሰሱት።

መነኩሴው መከለያውን ሳይወስዱ ሄዱ። ሥራው ለሌላ ቤት ተሰጠ፤ ያሄይም በወሩ መጨረሻ ወደዚያ ቤት ገባ። ሶጁን ከዚያ በኋላ ልጃቸውን ስለ ቀለምም ሆነ ስለ ሌላ ነገር ጠይቀዋት አያውቁም።