እከካም

«ወይኔ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር እኮ!» አለ የአባቷ አለቃ፣ አፉን ብስኩት እንደሞላ። ፍርፋሪው ጥቁር ቀሚሷ ላይ ረገፈ። ልጅቱ አላራገፈችውም፤ ብትነካው የሚያስመልሳት መሰላት።

አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ወንበር ሞልቶበታል፤ አለቃው ግን መቀመጫ ያጣ ይመስል ሶፋው ላይ ከጎኗ ተለጥፎ፣ ላብ ያረጠበውን እጁን ከእጇ አላነሳም። ሃያ ዓመት ሙሉ «የእንጨት ሐኪም» እያለ ሲያላግጥበት የኖረ ሰውዬ እኮ ነው። ዛሬ እንባ አወጣለት።

«የኔ ልጅ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺን ናሙና የት ነው ያስቀመጣት? ከመሥሪያ ቤታችን አጥር ዛፍ ላይ ያገኛትን። አዲስ ዝርያ ናት፤ በሱ ስም ልንሰይማት አስበናል። ለመታሰቢያው።»

ወዲያ ማዶ የተቀመጠችው አክስቷ ሰምታ ኖሮ «ተባረኩ፣ ስሙ እንኳ ቀሪ ይሁንልን» ብላ ዓይኗን ጠረገች።



አባቷ ዕድሜውን የፈጀው ቅርፊት ላይ የሚለጠፈውን የዛፍ ሽበት የሚሉትን ሕያው ነገር ሲያጠና ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች አንዱን ቢያሳያት፣ ግራጫና ቅርፍርፍ ያለ ነገር ሆነባትና «እከክ!» ብላ ሸሸች። እሱ እየሳቀ ጣቱን በምራቁ አርሶ አሸት አሸት አደረገው። «ነይ እዪ፣ ሲርስ አረንጓዴው ይወጣል» አላት። ምራቁን ስታይ ጭራሽ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲያም ስንቴ ቢለምናት አንድ ቀን አላየችለትም።

ዓይኑ ሲደክም ግን የመጨረሻ ጽሑፉን የተየበችለት እሷ ናት።

«ስሟ እከካም ነው» አላት ያኔ። «በላቲን ይጻፍ እንጂ ቃሉ ያንቺ ነው።»

«በራስህ ስም አትሰይማትም?»

«በኛ ሙያ ነውር ነው። የሰያሚው ስም ከስሟ ቀጥሎ ይጻፋል፤ እኔ መሆኔ የሚታወቀው በዚያ ነው። ብቻ ናሙናዋን አደራ። ያለሷ ስሙ አይጸናም።»

አሁን ልጅቱ እጇን ከአለቃው እጅ መንጭቃ አወጣች።

«ጋሼ፣ በአባቴ ስም ከተሰየመች ሰያሚዋ እሱ አይሆንም። ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

አለቃው ብስኩቱን ዋጠ። «እንግዲህ... አንድ ሰው መፈረሙ አይቀርም። እኔው እሸከመዋለሁ፣ ምን ይደረጋል። ረቂቁንም አይቼዋለሁ፤ እከካም ብሎ ስም ደግሞ ያሳፍራል።»

የመቃብሩ አፈር እንኳ አልደረቀም።

«ጽሑፉንም ናሙናውንም ነገ ራሴ ለቤተ መዘክር አስረክባለሁ፤ በአባቴ ፊርማ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ስሟም እከካም ነው።»

«በሞትኩት፣ እንግዳ ፊት!» አለች አክስቷ።

ልጅቱ ተነሥታ አባቷ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ከመሳቢያው የናሙናዋን ፖስታ አውጥታ ቅርፊቱን መዳፏ ላይ አራገፈችው። ያው ግራጫ፣ ያው ቅርፍርፍ። ዛሬም ቀፈፋት። ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ አራሰችና ጠርዙን አሸት አሸት አደረገችው።

አረንጓዴው ቀስ ብሎ ወጣ።

«አየሁት፣ አባዬ» አለች። ጣቷንም አልጠረገችውም።