ከኋላ የሚመጣው ድምፅ

«አባዬ፣ ድምፁ አሁንስ ከየት መጣ?»

ልጁ ይህን የጠየቀችው ከመድረኩ ሥር ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል ነው። እሱን ባዶው አዳራሽ መሃል እንደቆመ ላብ አጠመቀው። የላላች የማይክሮፎን ሽቦ በድምፅ ብቻ የሚለይ ባለሙያ ስለነበረ የቲያትር ቤቱ ሰው «ጋሽ ጆሮ» ይለዋል። ግራ ጆሮው ድርግም ካለ ግን ቆይቷል፤ ከሐኪሙ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም።

በአንድ ጆሮ ድምፁ ይሰማል፣ ከየት እንደመጣ ግን አይለይም። እስካሁን የተዋንያኑን አንገት እያየ ያመልጥ ነበር፤ እነሱ ወደዞሩበት ይጠቁማል። ዛሬ ግን ተዋንያኑ ምሳ ወጥተዋል።

ጣጣውን ያመጣው አዲሱ ቲያትር ነው። በመጨረሻው ትዕይንት የሞተች እናት ከተመልካቹ ጀርባ ትጣራለች፤ አዳራሹ በሙሉ ዞር ማለት አለበት። ለዚህ ሲባል ስድስት ድምፅ ማጉያዎች በየጥጉ ተሰቀሉ። ልጁ ያመጣችው ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የተጫነበት ኮምፒውተር ግን የስድስቱንም ድምፅ ጨፍልቆ በፊተኞቹ ሁለት ብቻ ይለቅ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ በኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ስትጽፍና ስትሰርዝ፣ ኮምፒውተሩን «ወይ አንተ ግትር!» እያለች ስትሰድበው ቆይታ፣ በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ማጉያ የየራሱን ድምፅ አደለችው።

«ልጄ!» አለች የተቀዳችው እናት እንደገና።

«ከኋላ ነው» አላት፤ ከኋላ መምጣት እንዳለበት ያውቃላ። «እሰይ የኔ ልጅ! አንበሳ ነሽ!»

ልጅቷ ቀና አለች። ስክሪኑን አየች፣ መድረኩን አየች፣ ከዚያ አባቷን አየችው። ለካ የኋላውንና የፊተኛውን ማጉያ ቁጥር አቀያይራ ኖሯል።

«አባዬ... ከፊትህ እኮ ነው የመጣው።»

ደክሞኝ ነው ሊላት ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷን ሲያይ ግን ዋጠው። ይህቺን ልጅ እንዴት ብሎ ይዋሻት?

«ግራዬ አይሰማም» አላት። «ጡረታ ውጣ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እኔንም ፈራኸኝ?»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ኮምፒውተሩ አቀረቀረች፤ ቁጥሮቹንም ወደ ቦታቸው መለሰች።

በሩ ተበረገደ። ተዋንያኑ እየተሳሳቁ ገቡ፣ አዘጋጁም ከኋላቸው።

«እሺ ጋሽ ጆሮ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ? እርስዎ አዎ ካሉኝ ሌላ ሰው አልጠይቅም።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። አሁን ሁሉም ነገር ተስተካክሏል፤ አዎ ቢል ማንም አያውቅበትም።

«እሷን ጠይቃት» አለ ጮክ ብሎ። «እኔ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መለየት ካቃተኝ ቆየ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አዘጋጁ ወደ ልጅቷ ዞረ። ልጅቷ ቁልፉን ተጫነች።

«ልጄ!»

ተዋንያኑ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። እሱ ግን የማንንም አንገት አላየም። እንደመሰለው በሚሰማው ጆሮው በኩል፣ ወደ ቀኙ ዞረ፤ ፊት ለፊቱ ያገኘው ባዶ ግድግዳ ነው። ከእንግዲህ የሚደብቀው የለምና እፎይ አለ፤ እዚያው እንደዞረ ቆየ።