የተሰበረው ቀይ መስመር

ሩብ ዙር ይሉታል። ብስክሌት ሲጠግን ብሎን ከሩብ ዙር በላይ በአንዴ ስለማያዞር ደንበኞች ያወጡለት ስም ነው፤ ታላቅ ወንድሙም በዚሁ ይጠራዋል። የማርሽ መቀየሪያው ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ሰንሰለቱን ከዚህ አትለፍ የሚሉ ዘበኞች ናቸው፤ አንዱ ከላላ ሰንሰለቱ ጥርሱን ስቶ ይወድቃል። ሩብ ዙር አስተካክሎ ሲጨርስ ከብሎኑ ራስ እስከ መቀመጫው ድረስ በቀይ የጥፍር ቀለም ያሰምራል። የሰው እጅ ከነካው መስመሩ ይሰበራል።

ከደረጃ ሥር ያለችው የወንድሙ ሱቅ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታስቆምም፤ አንዱ እንዲያልፍ ሌላው ሆዱን መሳብ አለበት። ሩብ ዙር አሥራ ስድስት ዓመት እዚያ ታፍኖ ኖሯል። ያሳደገው ወንድሙ ነው፤ የወንድሙ ዓይን ከደከመ ወዲህ ደግሞ ትንንሹን ብሎን የሚያይ እሱ ብቻ ነው። ልሂድ ሊል አፉን በከፈተ ቁጥር ውለታው ያንቀዋል።

ዘንድሮ መውጫ ቀዳዳ ተገኘ። መካኒክ የሚፈልግ የውድድር ቡድን አሰልጣኝ ብስክሌት አምጥቶ፣ «አስተካክለው። ነገ ጠዋት ስነዳው ሰንሰለቱ ካልወደቀ ሰኞ አብረኸን ትሄዳለህ» አለው። ሩብ ዙር ሃያ ጊዜ ፈትሾ፣ ቀዩን መስመር አስምሮ፣ ብስክሌቱን ሱቅ ትቶ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ሲመጣ፣ ከረፋድ በፊት ተነስቶ የማያውቀው ወንድሙ ሱቁን ከፍቷል፤ አሰልጣኙም ብስክሌቱ ላይ ወጥቷል። መታጠፊያው ጋ ደርሶ ወደ ትልቁ ጥርስ ሲቀይር ሰንሰለቱ ጥርሱን አልፎ ወደ ጎማው ሽቦዎች፣ ወደ ራጂው፣ ወደቀ። እየገፋ ተመለሰ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ አሰልጣኙ።

ሩብ ዙር ተንበረከከ። ቀዩ መስመር ተሰብሯል። የብሎኑ ዙሪያም ተጫጭሯል፤ ማየት ያልቻለ ሰው በዳበሳ በካቻቢቴ ሲፈልገው የቆየ ይመስላል። ቀና አለ። ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ ጨርቅ ያጥፋል፤ ያጠፈውን ዘርግቶ እንደገና ያጥፋል።

አንድ ቃል ቢናገር ነፃ ይወጣል፤ ያሳደገው ሰው ግን በሰው ፊት ይዋረዳል። የቀለም ማስለቀቂያ የነካ ጨርቅ አንስቶ ቀዩን ጠረገው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልብ አላልኩትም» አለ።

አሰልጣኙ ብስክሌቱን ይዞ ሄደ።

ከምሳ መልስ ወንድሙ አዲስ የጥፍር ቀለም ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ያኛው ሊያልቅ ነው ብዬ ነው» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየው። «ትልቁን ነው የገዛሁት፤ ለብዙ ዓመት ይበቃሃል።»

ከዚያ ሊያሳልፈው ሆዱን ሳብ አደረገ። ሩብ ዙር ግን የሚሄድበት አልነበረውም።